የጉራ ማግስት፦ የኬዲቭ ኢስማኤል ዕዳና ያልተነካው ግብር

ስለ ጉንደትና ስለ ጉራ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ከልጅነት ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ታሪክ ነው። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ ደመሰሰው፤ የግብፅ ገዥ ቂሙን ሊወጣ ከፊተኛው እጅግ የበዛ ጦር ላከ፤ ይኸኛውም በዚያው ዓመት በየካቲት ማለቂያ ጉራ ላይ ድል ሆነ። መምህሮቻችን ይህን አስተማሩን፣ እኛም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ማርካችንን ተቀበልን። ጠላት መጣ፣ ተመታ፣ ተመለሰ፤ በቃ። የተመለሰው ወደ ምን ዓይነት ቤት ነው? ብሎ የጠየቀ ግን ከኛ መካከል አልነበረም።

ጥያቄው የመጣብን በሌላ በር ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሀገራችን መንግሥት ለአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ መክፈል የነበረበትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ፤ ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ አልበርድ አለ። «ለመሆኑ አንድ አገር ዕዳዋን ካልከፈለች ምን ትሆናለች? ትታሰራለች?» አለ አንዱ ለቀልድ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ በቁጥር ሊያስረዱን ሞከሩ። እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ ቁጥር ሲበዛብን እንደ ልማዳችን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሸሸን። ዕዳዋን ያልከፈለች አገር ስንፈልግ ያገኘናት ያችው የጉራዋ ግብፅ ሆነች፤ ቀኖቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸውም ደነገጥን።

ኅዳር 7 ቀን ጉንደት። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 16፣ ኬዲቭ ኢስማኤል በስዊዝ ካናል ኩባንያ ውስጥ የነበሩትን 176,602 አክሲዮኖች አራት ሚሊዮን ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። የካቲት 29 ቀን የጉራ ውጊያ ተጀመረ። አንድ ወር ቆይቶ፣ ሚያዝያ 1፣ ያው ኬዲቭ የዕዳ ክፍያ ማቆሙን አስታወቀ። እንግዲህ በጉራ ሜዳ የተሸነፈው ጦር የከሰረ መንግሥት ጦር ነበር። የባሩዱ ዋጋ እንኳ ገና አልተከፈለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሁለቱን እያደባለቅን አንባቢን ላለማወክ ነው።)

የግብፅን ክስረት የሚተርኩ ሁለት መጻሕፍት በመካከላችን ተነበዋል። አንደኛው በ1908 የወጣው የሎርድ ክሮመር «ዘመናዊት ግብፅ» ነው። ክሮመር ጥፋቱን የሚጥለው በኢስማኤል አባካኝነት ላይ ነው። ይህ ሰው የለንደኑ የቤሪንግ ባንክ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ወደ ግብፅ የመጣው በ1877 ለአበዳሪዎች ጥቅም የቆመ ኮሚሽነር ሆኖ ነው፤ ኋላም ግብፅን 24 ዓመት ያህል የገዛት እሱ ነው። ከሳሹም ዳኛውም ወራሹም አንድ ሰው መሆኑ ነው! ሁለተኛው ሮዛ ሉክሰምቡርግ በ1913 ስለ ካፒታል ክምችት የጻፈችው መጽሐፍ ሲሆን፣ የግብፅን ብድር አንድ በአንድ እየቆጠረች ገንዘቡ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከፈላሑ፣ ማለት ከግብፁ ገበሬ፣ ጉልበት የወጣ መሆኑን ታሳያለች። እኛ ልባችን ወደ ሁለተኛዋ ማድላቱን አንደብቅም። ነገር ግን ሁለቱንም አንብበን ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ቀረን። ግብፅ ሀብታም አገር ነበረች፤ ጥጥ ነበራት፣ ዓባይ ነበራት። በዚያች አገር ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ሞልቶ ሳለ መንግሥቱ ከውጭ ለመበደር ምን አስገደደው? መልሱን ፍለጋ ወደ ግብሩ መዝገብ መሄድ ግድ ሆነብን።

መጀመሪያ ግን ገንዘቡ እንዴት እንደ ገባ እንይ። ኢስማኤል ሥልጣን የያዘው በ1863 ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሰዒድ ፓሻ በ1854 ለፈረንሳዊው ለፌርዲናንድ ደ ሌሴፕስ የካናሉን ቁፋሮ ፈቀደ፤ በ1862 ደግሞ የግብፅን የመጀመሪያ የውጭ ብድር ወሰደ። ኢስማኤል የወረሰው ዕዳ ሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ያን ጊዜ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ናት፤ ከ1861 እስከ 1865 የደቡቡ ጥጥ ከወደብ አልወጣ ስላለ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ ተጠምተዋል። የግብፅ ጥጥ ዋጋ ተተኮሰ። ገንዘቡ እንደ ክረምት ጎርፍ ገባ፤ ባለመሬቱም ነጋዴውም መንግሥቱም ጎርፉ ዘላለም የሚወርድ መሰላቸው። ገበሬው ሳይቀር ከመንደር አራጣ አበዳሪ እየተበደረ ጥጥ ዘራ። በ1865 ጦርነቱ አለቀ፤ ዋጋው ወረደ። ወጪው ግን የለመደውን አይተውምና እዚያው ቀረ።

ለኢስማኤል ፍርድ እንስጠው። ገንዘቡን ሁሉ በልቶታል ማለት ውሸት ነው። የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ሳበ፣ የመስኖ ቦይ አስቆፈረ፣ የእስክንድርያን ወደብ አደሰ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከተበደረው ሌላ ደግሞ ሳይበደር የተጫነበት አለ። በሰዒድ ውል መሠረት ካናሉ የሚቆፈረው በግዳጅ ሥራ ነበር፤ በየወሩ 20,000 ያህል ገበሬ እየታፈሰ ወደ በረሃው ይወሰድ ነበር። ኢስማኤል ይህን ሊያስቀር ቢነሣ ኩባንያው ካሣ ጠየቀ፤ ለዳኝነት የተመረጠው የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሦስተኛም በ1864 ግብፅ 84 ሚሊዮን ፍራንክ ትክፈል ብሎ ፈረደ። የገዛ ሕዝብህን ከባርነት ሥራ በማውጣትህ ቅጣት ክፈል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍና «ኬዲቭ» የሚለውን ማዕረግ እንዲያገኝ ለቱርኩ ሱልጣን የሚገብረውን እጥፍ ያህል አሳደገ።

ብክነቱም ደግሞ ነበረ። በ1869 ካናሉ ሲመረቅ የፈረንሳይዋ እቴጌ ኤዥኒና ብዙ መሳፍንት ተጋበዙ፤ ካይሮ ላይ የኦፔራ ቤት በጥድፊያ ተሠራ። ለዚያ ቤት የሚሆን ኦፔራ እንዲደርስለት ኢስማኤል ለጣልያናዊው ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ከፈለ፤ «አይዳ» የሚባለው ይኸው ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነን ይህን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም፤ አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ ታሪኩም የግብፅ ጦር ኢትዮጵያን ድል ሲያደርግ የሚያሳይ ነው። በታኅሣሥ 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አራት ዓመት ቆይቶ ጉንደት ሆነ። መድረኩ ላይ የተከፈለለት ድል ሜዳው ላይ አልተገኘም።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና።

በግብፅ መሬት በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው የኸራጅ መሬት ይባላል፤ ፈላሑ የሚያርሰው ነው፤ ግብሩም ከባድ ነው። ሁለተኛው የዑሹር መሬት ነው። ቃሉ ከኛው «ዐሥር» እና «አሥራት» ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። ይህ መሬት የፓሻዎች፣ የሹማምንትና የቤተ መንግሥት ቤተሰብ ነው፤ ከሚታረሰው መሬት ሩብ ያህሉን ይይዛል፤ ከኸራጁ ጋር ሲተያይ በየፈዳኑ የሚከፍለው ግብር ከግማሽ በታች ነው። ፈዳን ማለት የግብፅ የመሬት ልክ ነው። ይህ ሲባል ታዲያ የኢስማኤል የራሱና የቤተሰቡ ርስት ብቻ ከሚታረሰው መሬት አንድ አምስተኛ ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ካፒቱሌሽን በሚባለው ጥንታዊ የቱርክ ውል ምክንያት ግብፅ ውስጥ የሚኖር አውሮፓዊ፣ ነጋዴም ይሁን አራጣ አበዳሪ፣ የገዛ መንግሥቱ ካልፈቀደ በቀር አብዛኛውን ግብር አይጠየቅም፤ የሚዳኘውም በቆንሲሉ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ማነው? ፈላሑ ነው። መሬቱን ሲያርስ ይገብራል፤ በዘንባባ ዛፉ ይገብራል፤ ጨው ይገብራል፤ ሥራ ይገብራል፤ ልጁን ለጦር ይገብራል። አልከፍልም ያለውን ኩርባጅ የሚሉት የጉማሬ አለንጋ ይጠብቀዋል። ለጤናዋ ብላ ወደ ሉክሶር ሄዳ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1869፣ በግብፅ የኖረች ሌዲ ደፍ ጎርደን የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፤ ለቤተሰቧ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ጎረቤቶቿ ግብሩ ሲያደኸያቸው፣ ከብቶቻቸው ሲወሰዱና ሰዎች ሲታፈሱ ያየችውን ትናገራለች። ደብዳቤዎቹ የታተሙ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሁሉ ቢያያቸው መልካም ነው።

ምክር ቤትስ አልነበረም ወይ? ነበረ። ኢስማኤል በ1866 75 አባላት ያሉት የተወካዮች ጉባኤ አቋቁሞ ነበር። አባሎቹ ግን በአብዛኛው የመንደር ሹማምንትና ባለብዙ መሬቶች ናቸው። ግብር ቢጨመር መጀመሪያ የሚነካቸው እነሱ ነበሩ፤ ወይም መነካት ያለባቸው እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ጉባኤው በተሰበሰበ ቁጥር የማይነሣው ነገር ይኸው የዑሹሩ ጉዳይ ነው። ኬዲቩም አያነሣውም፤ የመጀመሪያው ዑሹረኛ እሱ ነዋ!

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው በ1871 ሙቃበላ የሚባለው ሕግ የወጣው። የሕጉ አባት የገንዘብ ሚኒስትሩ ኢስማኤል ሲዲቅ ነው፤ የኬዲቩ የጡት ወንድም የሆነ፣ ከዝቅተኛ ቤተሰብ ወጥቶ እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ የስድስት ዓመት ግብር አስቀድሞ የከፈለ ባለመሬት ከዚያ በኋላ ለዘላለም ግማሽ ግብር ብቻ ይከፍላል። ደግመን አነበብነው። ግማሽ፣ ለዘላለም! አንዱ ጓደኛችን በወረቀት ጫፍ ላይ አሰላው፤ ስድስት ዓመት የከፈለ ሰው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ገንዘቡን አስመልሶ ከዚያ ወዲያ ልጅ የልጅ ልጁ በትርፍ ይኖራል፤ መንግሥቱ ግን ከነገው ገቢ ግማሹን ዛሬ በልቶታል። መክፈል የሚችለው ደግሞ ማን ነው? ሀብታሙ። ድሃው ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። እኛ ከብድሮቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ሕግ ያስገርመናል። ብድርስ ቢሆን አበዳሪው ባዕድ ነው፤ እዚህ ግን መንግሥት ለገዛ ባላባቶቹ የገዛ ግብሩን በእርካሽ ሸጠላቸው። አንድ መሪ ግብር ለመጠየቅ ከመፍራቱ የተነሣ የግብርን መብት እንደ ዕቃ ለገበያ ሲያወጣ ሌላ የት ታይቷል? ካለ የፈረንሳይ ነገሥታት ሹመት ሲሸጡ ነው።

ያም ሆኖ አልበቃም። በ1873 ትልቁ ብድር መጣ። በወረቀት ላይ 32 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ግምጃ ቤቱ የደረሰው 20 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ከፊሉ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዋጋው የወደቀ የግብፅ የራሷ የዕዳ ወረቀት ነበር። ወለዱ ግን የሚታሰበው በ32ቱ ላይ ነው። የኛ አገር አራጣ አበዳሪ እንኳ እንዲህ ያለውን ለመጠየቅ ያፍር ይሆናል።

ይህ ሁሉ እየሆነ ጦርነቱስ ምን ይሉታል? ኢስማኤል ከሱዳን አልፎ ቀይ ባሕርን ዙሪያውን ለመያዝ አስቦ ነበር። የምጽዋ ገዥ የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር በ1872 ቦጎስን ያዘለት። በ1875 በጥቅምት ራዑፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ። ሙንዚንገር ራሱ ወደ አውሳ ሲጓዝ በጉንደት ሰሞን በአፋሮች እጅ ተገደለ። ጉንደት ላይ የሞተው የጦር አዛዥ አሬንድሩፕ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። ለጉራው ጦር የበላይ አዛዥ ራቲብ ፓሻ ሲሆን፣ የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን አብሮት ነበር፤ የጦር ሹሙ ደግሞ አሜሪካዊው ጄኔራል ሎሪንግ ነው። ሎሪንግ ከተሸነፈው የደቡብ ወገን የመጣ ነው። ልብ እንበል፤ የጥጡን ዋጋ የሰቀለው የአሜሪካ ጦርነት አልቆ ሥራ ያጡት መኮንኖቹ በዚያው የጥጥ ገንዘብ ተቀጥረው እኛ ደጅ ድረስ መጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ሌላው ነው። አክሲዮኖቹ ከተሸጡ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1875፣ እስቲፈን ኬቭ የሚባል እንግሊዛዊ የግብፅን ሒሳብ ሊመረምር ካይሮ ገባ። መርማሪው መዝገብ እያገላበጠ ሳለ፣ ያው መንግሥት ከአሥር ሺህ በላይ ጦር ወደ ምጽዋ ያጓጉዛል። ከሣሎን ዕዳ ጠያቂ ተቀምጦ በጓሮ በር ለሰርግ በሬ እንደ ማስገባት ያለ ነገር ነው።

እኛ ጉራን ስንማር ያልታዩን ሰዎች እዚህ ይታያሉ። በጉራ ሜዳ የረገፈው ወታደር ፈላሕ ነው። ኩርባጅ ተገርፎ ግብር የከፈለው፣ ወንድሙ በካናሉ አሸዋ የቀረበት፣ ራሱም ታፍሶ ረሚንግተን ጠመንጃ የተሸከመው ሰው ነው። የአያቶቻችንን ድል በዚህ ማሳነሳችን አይደለም፤ አገራቸውን ጠበቁ፣ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሞተውንም ማወቅ አለብን። ከዚያ ጦር መካከል በስንቅና በጭነት ክፍል ያገለግል የነበረ አሕመድ ዑራቢ የሚባል የመንደር ሼክ ልጅ፣ የገበሬ ዘር የሆነ መኮንን ነበር። የጦርነቱን ዝርክርክነት አይቶ ልቡ የሻከረው በዚያ ዘመቻ ነው ይባላል። ወደሱ ኋላ እንመለሳለን።

ክፍያው እንደ ቆመ በግንቦት 1876 አበዳሪዎቹ «የዕዳ ሣጥን» የሚባል መሥሪያ ቤት ካይሮ ላይ ተከሉ፤ ዕዳውም ተደማምሮ 91 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። በዚያው ዓመት በኅዳር አንድ እንግሊዛዊና አንድ ፈረንሳዊ ተቆጣጣሪ ተሾሙ፤ ያኔ ነው ሲዲቅም የጠፋው። ኬዲቩ የጡት ወንድሙን በሠረገላው አሳፍሮ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት አልታየም። የሚያውቀው ብዙ ነበርና። በ1877 ከ9.5 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ገቢ 7.5 ሚሊዮኑ ገደማ የሄደው ለአበዳሪዎች ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ዓባይ ጎደለ፤ በ1878 በላይኛው ግብፅ ረኀብ ገባ። ቦንዱ ግን ቀጠሮውን አላሳለፈም፤ ከተራበ ሰው ገና ያልታጨደ እህሉ ተሽጦ ግብር ተሰበሰበ። የመምህራንና የወታደሮች ደመወዝ በወራት ዘገየ።

ቀጥሎ የሚመጣው እኛን እርስ በርስ ያጣላን ምዕራፍ ነው። በ1878 ኑባር ፓሻ የሚመራው ሚኒስቴር ሲቋቋም እንግሊዛዊው ሪቨርስ ዊልሰን የገንዘብ፣ ፈረንሳዊው ደ ብሊኜር የሕዝብ ሥራ ሚኒስትር ሆኑ። ወጪ ለመቀነስ ሲባል 2,500 መኮንኖች በግማሽ ደመወዝ እንዲሰናበቱ ተወሰነ፤ በየካቲት 1879 መኮንኖቹ ኑባርንና ዊልሰንን መንገድ ላይ ይዘው አዋከቧቸው። ዊልሰን ከዚያ በኋላ አንድ ዕቅድ አቀረበ፦ ግብፅ መክሰሯን በይፋ ታውጅ፤ ሙቃበላ ይሰረዝ፤ የዑሹር መሬት ግብር ይጨመር። ይህ ሲሰማ አገሩ ተነሣ። ፓሻዎች፣ የጉባኤው ሰዎች፣ ዑለማዎችና መኮንኖች ተሰብስበው በሚያዝያ 1879 ብሔራዊ የተባለ ፕሮግራም አወጡ፤ ባዕድ ሚኒስትር ይውጣ፣ ለጉባኤው ሙሉ ሥልጣን ይሰጥ፣ ግብፅ አልከሰረችም፣ ዕዳዋን ትከፍላለች አሉ።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲያነብ ዓይኑ በራ። «ይኸውላችሁ! የሕገ መንግሥት ጥያቄ፣ የነጻነት ጥያቄ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ነበረበት። ሌላዋ ጓደኛችን ግን ጣቷን ዕቅዱ ላይ አድርጋ «ሙቃበላው ይሰረዝ የተባለ ዕለት ነው እንዴ የአገር ፍቅር የመጣላቸው? ፈላሑ ሲገረፍ የት ነበሩ?» አለች። ዝም አልን። ዕዳውን እንከፍላለን ያሉት ሰዎች ከማን ኪስ እንደሚከፈል አላሉም። በሌላ ወገን ደግሞ ባላባቱ ግብር ይክፈል ያለው የባዕዳን አበዳሪዎች እንደራሴ ነው፤ እሱም ቢሆን የግብፅ አውሮፓውያን ግብር ይክፈሉ ብሎ ካፒቱሌሽኑን ሊያነሣ አልተነሣም። እያንዳንዱ የሌላውን ሰው ግብር ያያል፤ የራሱ አይታየውም። እኛ የደረስንበት አስተያየት ይህ ነው፦ በ1879 ግብፅ ውስጥ የነጻነቱን ጥያቄና የግብሩን ጥያቄ ባንድ አፍ የሚናገር ወገን አልነበረም፤ ሁለቱ ተለያይተው በመቅረታቸው ሁለቱም ጠፉ። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ስቴንስል አናሳጣውም።

ሰኔ 26 ቀን 1879 ከሱልጣኑ ቴሌግራም መጣ። የተላከው «ለቀድሞው ኬዲቭ ኢስማኤል ፓሻ» ተብሎ ነው፤ መሻሩን ያወቀው ከአድራሻው ነው። በመርከብ ወደ ናፖሊ ሄደ፤ ልጁ ተውፊቅ ተተካ። በ1880 ሙቃበላ ተሰረዘ፤ አስቀድመው ለከፈሉትም በየዓመቱ 150,000 ፓውንድ ለ50 ዓመት ይካፈሉ ተባለ።

ከዚያ ዑራቢ መጣ። ከጉራ የተመለሰው ያ መኮንን በ1881 የገበሬ ልጅ የሆኑ መኮንኖችን አስተባብሮ ቤተ መንግሥቱን ከበበ፤ በ1882 የጦር ሚኒስትር ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈላሑ ስሙን የሚያውቀው መሪ ተገኘ፤ ዕዳችን ይሰረዝልናል የሚል ተስፋም በየመንደሩ ተወራ። ብዙ አልቆየም። ሐምሌ 11 ቀን 1882 የእንግሊዝ መርከቦች እስክንድርያን ደበደቡ፤ መስከረም 13 ቀን በተል ኤል ከቢር ዑራቢ ተሸነፈ፤ ወደ ሲሎን ደሴት ተጋዘ። እንግሊዞች የመጣነው ሥርዓት ለማስያዝ ነው፣ ቶሎ እንወጣለን አሉ። የዕዳ ሣጥኑ የተዘጋው በ1940 ነው። አውሮፓውያኑን ከግብር የሚጠብቀው ካፒቱሌሽን እንዲቀር በውል የተስማሙት በ1937 ነው። ካናሉ ወደ ግብፅ እጅ የተመለሰው በ1956 ነው።

አንድ ነገር ቀረን፤ መጀመሪያ ያነሣነው የመኝታ ቤት ጥያቄ። የግብፅ ዕዳ በግብፅ ድንበር አልቆመም። በግብር በተማረረችው ሱዳን ማህዲ በ1881 ተነሣ፤ እንግሊዝም በ1884 መጀመሪያ ላይ የከሰረው የካይሮ ግምጃ ቤት ጦር አይችልም ብላ ግብፅ ሱዳንን ለቃ እንድትወጣ አዘዘች። ነገር ግን በድንበራችን አጠገብ ያሉት የግብፅ ወታደሮች በማህዲስቶች ተከበው መውጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ አድሚራል ሂዌት አድዋ ድረስ መጣ፤ ሰኔ 3 ቀን 1884 ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። ንጉሠ ነገሥቱ የጉራ ጠላቶቻቸውን በሰላም ሊያስወጡ፣ በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ በምጽዋ በኩልም ዕቃ ያለ ቀረጥ ሊያልፍላቸው ነው። ውላቸውን ጠበቁ። ራስ አሉላ በመስከረም 1885 ኩፊት ላይ ከማህዲስቶች ጋር ተዋጋ፤ የዚያ ጠብ መጨረሻ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን በላ።

ምጽዋ ግን ውሉ በተፈረመ በስምንት ወሩ፣ በየካቲት 1885፣ በእንግሊዝ ፈቃድ ለጣልያን ተለቀቀች። ለወደቡ ዘበኛ የሚከፍል ገንዘብ ካይሮ አልነበራትም። ጣልያኖቹ ሲገቡ የግብፅን ባንዲራ ወዲያው አላወረዱትም፤ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሁለቱ ባንዲራዎች በምጽዋ ጎን ለጎን ይውለበለቡ ነበር።